ሞለኪውላር ባዮሎጂን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመማር የትኛው መስክ ይሻላል? የስድስት አማራጮች ንጽጽር

የሕይወትን አሠራር በዲኤንኤ፣ በአርኤንኤና በፕሮቲን ደረጃ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የትምህርት መስኮች ዝርዝር ሲመለከት ግራ መጋባቱ አይቀርም። ሞለኪውላር ባዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ባዮቴክኖሎጂ፣ አጠቃላይ ባዮሎጂ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስና ባዮኢንፎርማቲክስ (የሥነ ሕይወት መረጃን በኮምፒውተር መተንተን) ሁሉም ስለ ዘረ መልና ስለ ሕዋስ የሚያስተምሩ ኮርሶች አሏቸው፤ ለአመልካቾች የሚወጡት መግለጫዎቻቸውም አንዱን ከሌላው ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ይመሳሰላሉ። በዚያ ላይ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ሞለኪውላር ባዮሎጂን ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ አድርጎ ሲሰጥ፣ ሌላው በባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ሥር ያለ የትኩረት ዘርፍ ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ያቆየዋል።

መስኩ ራሱ የተገነባው ከሌላ ሙያ በመጡ ሰዎች ነው። የዲኤንኤ ጥምዝ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1953 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲታወቅ ጄምስ ዋትሰን በሥነ እንስሳት፣ ፍራንሲስ ክሪክና ሞሪስ ዊልኪንስ በፊዚክስ፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ደግሞ በኬሚስትሪ የሠለጠኑ ነበሩ። ዛሬ ትምህርቱ የራሱ ክፍልና የራሱ ዲግሪ ቢኖረውም፣ በእኔ ግምት የተመራቂውን ብቃት የሚወስነው አሁንም በዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም አይደለም፤ ተማሪው በገዛ እጁ በቤተ ሙከራ የሠራበት ጊዜና የመመረቂያ ጥናቱን የመራለት መምህር ናቸው። ንጽጽሩም በዚህ እምነት ላይ የተመሠረተ ነው።

መመዘኛዎቹ

ቀዳሚው መመዘኛ የቤተ ሙከራ ጊዜ ነው። የፒሲአርን (የተፈለገን የዲኤንኤ ክፍል የማባዣ) ስልት በክፍል ውስጥ ማስረዳት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ናሙናው እስከ 95 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች ይላቀቃሉ፤ ሙቀቱ ወደ 55 ወይም 60 ዲግሪ ሲወርድ ፕራይመር የሚባሉት አጫጭር ቁርጥራጮች በየቦታቸው ይጣበቃሉ፤ በ72 ዲግሪ ኢንዛይሙ አዲሱን ሰንሰለት ይሠራል፤ ይኸው ዑደት 30 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ይህን በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ ፈተናውን ያልፋል፤ ፒሲአር መሥራት ግን ገና አልቻለም። የተባዛው ዲኤንኤ በሚታይበት ጄል ላይ ምንም መስመር ሳይታይ ሲቀር ችግሩ የማግኒዥየሙ መጠን ይሁን፣ የፕራይመሮቹ አነዳደፍ፣ የናሙናው ንጽሕና ወይም ሳይጨመር የተረሳ ኢንዛይም፣ ይህን መለየት የሚለመደው ማይክሮፒፔቱን (ጥቂት ፈሳሽ መለኪያውን) ራሱ ይዞ፣ ተሳስቶና ደግሞ በመሥራት ብቻ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ በተማሪ የተጨናነቁ ናቸው። ኢንዛይሞች ደግሞ በቅዝቃዜ ተጓጉዘው በቅዝቃዜ የሚቀመጡ ውድ ግብዓቶች ስለሆኑ፣ በጀቱ የጠበበ የትምህርት ክፍል ተማሪዎችን በትልልቅ ቡድን ከማሠራት ወይም መምህሩ ሲሠራ ቆመው እንዲያዩ ከማድረግ ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ «ቤተ ሙከራ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ነው። በአንድ ጠረጴዛ ስንት ተማሪ እንደሚሠራ፣ የቤተ ሙከራው ትምህርት በሴሚስተሩ ስንት ሳምንት እንደሚካሄድና የራሱ ክሬዲት እንዳለው መጠየቅ ግን እውነቱን ያወጣል። የቤተ ሙከራ ሥራ የራሱ ክሬዲትና የራሱ ውጤት በሌለው ኮርስ ውስጥ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የኬሚስትሪ፣ የሒሳብና የስታቲስቲክስ መሠረት ነው። ብዙ ተማሪዎች ባዮሎጂን የሚመርጡት ከሒሳብ ለመሸሽ ነው፤ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ግን ለዚህ የሚሆን መሸሸጊያ አይደለም። ስለ ሎጋሪዝም በቂ ግንዛቤ የሌለው ሰው በኳንቲቴቲቭ ፒሲአር (የዲኤንኤን መጠን በሚለካው ዓይነት) የተገኘን ውጤት በትክክል ሊያነብ አይችልም።

ሦስተኛው የመመረቂያ ጥናት ነው፤ ተማሪው የራሱን መረጃ የሚያመነጭ ጥናት ይሠራል ወይስ የሌሎችን ጽሑፎች አሰባስቦ ሪፖርት ያቀርባል? አራተኛው ዲግሪው ወዴት እንደሚያደርስ ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሥራ የሚያስገኝ መስክ አለ፣ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ካልገፉበት ሙሉ ፍሬውን የማይሰጥም አለ። አምስተኛው ከትምህርት ክፍያ ውጭ ያለው ወጪ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያው በመንግሥት ድጎማ ዝቅ ያለ ወይም ጨርሶ የሌለ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚውሉና ሙከራ የተያዘለትን ሰዓት አልፎ ስለሚሄድ፣ እየሠራ ለመማር ላሰበ ተማሪ ትልቁ ወጪ ያጣው የሥራ ሰዓት ይሆናል።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ምን ይለውጣል?

የመንግሥት ተቋም ማለት በሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ማለት አይደለም። ክሪስፐር የተባለውን የባክቴሪያ መከላከያ ሥርዓት ዘረ መል ለማረም መጠቀም እንደሚቻል ያሳየው የ2012 ጥናት መሪዎች ጄኒፈር ዳውድና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ፣ ኢማኑዌል ሻርፐንቲዬ ደግሞ በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱም የመንግሥት ተቋማት ናቸው፤ ተመራማሪዎቹም በ2020 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለኤምአርኤንኤ ክትባቶች መንገድ በጠረገው ሥራቸው በ2023 የተሸለሙት ካታሊን ካሪኮም የተማሩት በሃንጋሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሴገድ ነው። (በኋላ የሠሩበት የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን በክፍለ ግዛት ስም ቢጠራም የግል ነው፤ ስለዚህ የባለቤትነቱን ጉዳይ ከስሙ ብቻ መገመት አይገባም።)

ይሁን እንጂ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ዝና በራሱ ጊዜ ወደ መጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አይወርድም። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዙት ፍሪዘሮች፣ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ማንበቢያዎቹና የኮንፎካል ማይክሮስኮፖቹ በአብዛኛው ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተያዙ ናቸው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ጥቅሙ ስፋቱ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ የሕክምና፣ የግብርና፣ የኬሚስትሪና የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ስለሚገኙ፣ ቀድሞ ደጅ የጠና ተማሪ ከራሱ ክፍል ውጭም ቢሆን የሚቀበለው ቤተ ሙከራ ሊያገኝ ይችላል።

አማራጮቹ ሲመረመሩ

ሞለኪውላር ባዮሎጂ ራሱን የቻለ ዲግሪ ሆኖ ሲሰጥ፣ ከጄኔቲክስና ከሕዋስ ባዮሎጂ ተነሥቶ ዘረ መል እንዴት እንደሚገለጽና እንደሚገታ፣ ዲኤንኤ እንዴት እንደሚባዛና እንደሚጠገን፣ ከዚያም ክሎኒንግን (ዘረ መልን ለይቶ ማባዛትን)፣ ጂኖሚክስን (የአንድን ሕያው አካል ሙሉ ዘረ መል ማጥናትን) እና የምርምር ስልቶችን በቅደም ተከተል ያስተምራል። ግቡን ለይቶ ላወቀ፣ ምርምር መሥራት ለሚፈልግና በድኅረ ምረቃ ለመቀጠል ለቆረጠ ተማሪ ቀጥተኛው መንገድ ይኸው ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። ከስድስቱ አማራጮች ሁሉ በግብዓት አቅርቦት ላይ እጅግ የተመረኮዘው እሱ ነው፤ የኢንዛይም ግዢ በዘገየበት ሴሚስተር የስልቶች ኮርስ ወደ ንድፈ ሐሳብ ይለወጣል። በሌላ በኩል በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚገኙት ሥራዎች በአብዛኛው የቤተ ሙከራ ረዳትነት፣ የጥራት ቁጥጥርና የምርመራ ድጋፍ ናቸው፤ ምርምር መንደፍና መምራት ከፍ ያለ ዲግሪ ይጠይቃል። መስኩ በብዙ ተቋማት አዲስ በመሆኑም ስሙ ተቀይሮ የተከፈተ የቀድሞ የባዮሎጂ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ይህን ለማጣራት የመምህራኑን ዝርዝር አውጥቶ ከመካከላቸው በሞለኪውላር ደረጃ ምርምር የሚሠሩት ስንት እንደሆኑ መቁጠር ይበቃል፤ አንድና ሁለት ብቻ ከሆኑ አጠቃላይ ባዮሎጂን በሌላ ስም እንደሚማሩ ይቁጠሩት።

ባዮኬሚስትሪ ከሁሉም የሚቀርበው ተለዋጭ ነው። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪና በፊዚካል ኬሚስትሪ ያልፋል፤ ቴርሞዳይናሚክስን፣ ሚካኤሊስና ሜንተን የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1913 ያወጡትን የኢንዛይም ፍጥነት ቀመር፣ ፕሮቲንን ማጣራትና ክሮማቶግራፊን (የተቀላቀሉ ውህዶችን የመለያ ስልት) በጥልቀት ያስተምራል። ብዙ አመልካቾች ክብደቱን ፈርተው ያልፉታል፤ እኔ ግን የኬሚስትሪ ዝንባሌ ላለው ተማሪ ስሙን ለያዘው ለሞለኪውላር ባዮሎጂ ዲግሪ እንኳ አልለውጠውም። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው። የባዮኬሚስትሪ መማሪያ ቤተ ሙከራ በስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙና የሚመጥጠውን ብርሃን በሚለካ መሣሪያ)፣ በመለያ አምዶች፣ በሴንትሪፊውጅና ረጅም ጊዜ በሚቆዩ ኬሚካሎች ሊሠራ ስለሚችል፣ በጀቱ በጠበበ ዩኒቨርሲቲም ተማሪው በእጁ የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከባዮኬሚስትሪ ወደ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ መሻገርም ቀላል ነው፤ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ ግን ያመለጠውን ኬሚስትሪ ከኋላ ተመልሶ መማር ይጠይቃል። የኢንሱሊንን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል በመግለጥ በ1958፣ የዲኤንኤን ቅደም ተከተል ማንበቢያ ስልት በማበርከት በ1980 የኬሚስትሪ ኖቤልን ሁለት ጊዜ የወሰዱት ፍሬድሪክ ሳንገር ባዮኬሚስት ነበሩ። የመስኩ ድክመት ስለ ዘረ መል ቁጥጥር፣ ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ ጂኖሚክስ የሚሰጠው ጊዜ ማነሱ ነው፤ እነዚህን በምርጫ ኮርሶች መሙላት ይቻላል።

ባዮቴክኖሎጂ ጥያቄው ሌላ ነው። በ1978 የሰው ኢንሱሊን በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ሲሠራ የሞለኪውላር ባዮሎጂው ድርሻ ትክክለኛውን ዘረ መል በትክክለኛው ቦታ አስገብቶ እንዲገለጽ ማድረግ ነበር። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ በ1982 ፈቃድ አግኝቶ ለሕመምተኞች እስኪደርስ ድረስ የቀረው ሥራ፣ ባክቴሪያውን በትልልቅ ጋን ማሳደግ፣ ፕሮቲኑን በንጽሕና ለይቶ ማውጣት፣ እያንዳንዱ ምርት ከቀደመው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥና የተቆጣጣሪዎችን መስፈርት ማሟላት ነው፤ የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው። የመፍላት ሂደትን፣ የሕብረ ሕዋስ ማልማትን፣ የጥራት ሥርዓትንና የአእምሯዊ ንብረት ሕግን ያካትታል። ምርት የሚያመርት፣ ነገሩን በፋብሪካ ደረጃ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ይስማማዋል።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ይዘቱ ከተቋም ተቋም እጅግ ስለሚለያይ ነው፤ አንዱ ጋ ወደ ምህንድስና፣ ሌላው ጋ ወደ ግብርና፣ ሌላው ጋ ወደ ጤና ያዘነብላል። ባዮሪአክተር (ሕዋሳት በቁጥጥር የሚያድጉበት ጋን) በሌለበት ግቢ ባዮቴክኖሎጂን መማር የጎደለ ትምህርት ነው፤ ኢንዱስትሪው በአካባቢው ከሌለም ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ጠባብ ነው።

አጠቃላይ ባዮሎጂ ከሥነ ምህዳር እስከ ዕፅዋት ያሉትን ዘርፎች ሁሉ ስለሚያዳርስ ሞለኪውላር ክፍሉ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። ገና ላልወሰነና ለመምህርነት ለሚያስብ ተማሪ ይጠቅማል። በምርጫ ኮርሶችና በመመረቂያ ጥናት ተጠቅሞ ወደ ሞለኪውላር ማዘንበል ይቻላል፤ ይህን ግን ተማሪው ራሱ ማቀድ አለበት፤ ማንም አያቅድለትም።

የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ከሌሎቹ የሚለየው ለሙያ የሚያዘጋጅ በመሆኑ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ የተወሰነና ጠባብ ምርጫ ያለው ነው፤ የደም ምርመራን፣ ክሊኒካል ኬሚስትሪን፣ የረቂቅ ተሕዋስያን ምርመራንና የደም ባንክ ሥራን ያስተምራል፤ በሆስፒታል የሚደረግ የተግባር ልምምድም አለበት። ፒሲአር ዛሬ የዕለት ተዕለት የምርመራ መሣሪያ በመሆኑ የሞለኪውላር ሥራ በዚህ ሙያ ውስጥ አለ፤ ዓላማው ግን አዲስ ነገር መፈለግ ሳይሆን ለሕመምተኛው ትክክለኛ ውጤት በሰዓቱ ማድረስ ነው። በብዙ አገሮች የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በዚሁ መስክ ለተመረቀ ሰው ስለሆነ፣ ሞለኪውላር ባዮሎጂ አጥንቶ በኋላ ወደ ክሊኒካል ላቦራቶሪ ለመግባት ማሰብ ተጨማሪ ሥልጠና ሊያስከትል ይችላል። ይህ ነገር ከማመልከት በፊት ሊጣራ የሚገባው ነው፤ ከተመረቁ በኋላ ሲያውቁት ያስቆጫል።

ባዮኢንፎርማቲክስ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዓይን ሲታይ ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት ከ1990 እስከ 2003 ከሠራ በኋላ 3 ቢሊዮን ገደማ የሚሆነው የዘረ መል ፊደል ለሁሉም ክፍት ሆኗል፤ ጂንባንክን የመሰሉ የመረጃ ቋቶችም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ስለዚህ የትምህርቱ ጥራት ውድ ግብዓት በመግዛት አቅም ላይ ብዙም አይመሠረትም፤ ደህና ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ፕሮግራሚንግና ስታቲስቲክስ በሚገባ የሚያስተምር መምህር ካሉ በቂ ነው። የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር መተንበይ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ማስገኘቱ የመስኩን ክብደት ያሳያል። አደጋው መረጃው ከየት እንደመጣ የማያውቅ ተንታኝ መሆን ነው፤ የናሙና ብክለትን በዓይኑ ያላየ ሰው ብክለቱን እንደ አዲስ ግኝት ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ዓመት የቤተ ሙከራ ትምህርት ያለውን ፕሮግራም መምረጥ ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መስክ | የእጅ ሥራ በቤተ ሙከራ | ኬሚስትሪና ሒሳብ | በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሥራ | ለምርምር ድኅረ ምረቃ | በምን ላይ ይመሠረታል |
|---|---|---|---|---|---|
| ሞለኪውላር ባዮሎጂ | ብዙ፣ ግብዓት ካለ | መካከለኛ | ውስን | እጅግ ጥሩ | በኢንዛይምና በመሣሪያ አቅርቦት |
| ባዮኬሚስትሪ | ብዙ | ከባድ | መካከለኛ | እጅግ ጥሩ | በጠንካራ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል |
| ባዮቴክኖሎጂ | ይለያያል | ከመካከለኛ እስከ ከባድ | እንደ አካባቢው ኢንዱስትሪ | ጥሩ | በባዮሪአክተርና በኢንዱስትሪ ትስስር |
| አጠቃላይ ባዮሎጂ | መካከለኛ | ቀለል ያለ | መምህርነትና ተዛማጅ ሥራ | በምርጫ ኮርሶች ከተደገፈ ጥሩ | በተማሪው ዕቅድ |
| የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ | ብዙ፣ ግን የተወሰነ | መካከለኛ | ጠንካራ | መካከለኛ | በሆስፒታል ልምምድና በሙያ ፈቃድ |
| ባዮኢንፎርማቲክስ | ጥቂት | በሒሳብ ከባድ | ጥሩ | ጥሩ | በኮምፒውተርና በመምህር ብቃት |

ለማን የትኛው?

ዓላማው ምርምርና ሦስተኛ ዲግሪ ለሆነ ተማሪ ምርጫው በሞለኪውላር ባዮሎጂና በባዮኬሚስትሪ መካከል ነው። ዩኒቨርሲቲው ንቁ የሞለኪውላር ምርምር ቡድኖች ካሉትና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን የሚያስገቡ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ካልሆነ ሁለተኛውን ይምረጥ። በብዙ አገሮች በዚህ መስክ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት ድጎማ ሲያገኙ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ግን ብዙ ጊዜ በራስ ወጪ እንደሚሠራም ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የአራት ዓመቱን ወጪ ብቻ አስልቶ የገባ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

እንደተመረቀ ቤተሰቡን መደገፍ ያለበት ተማሪ ደግሞ የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስን በቅድሚያ ቢያይ እመክራለሁ። ለሳይንስ ያለውን ፍቅር የሚከዳ አድርጎ ማሰብ አይኖርበትም፤ ደመወዝ እያገኙ በሞለኪውላር ምርመራ ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል ይቻላል። እየሠራ የሚማርና ከሰዓት በኋላ በግቢ መቆየት የማይችል ከሆነ ግን ቤተ ሙከራ የበዛባቸው መስኮች ያስቸግሩታል፤ ለእሱ ባዮኢንፎርማቲክስ ይቀላል፤ ሥራው በማታም በቤትም ሊሠራ ይችላልና።

ኋላ ሕክምና ለመማር የሚያስብ ባዮኬሚስትሪ ይጠቅመዋል። ምንም ያልወሰነው ደግሞ የመጀመሪያ ዓመቱ ትምህርት ለበርካታ የሳይንስ መስኮች የጋራ በሆነበት ዩኒቨርሲቲ ይመዝገብ፤ በዚያ ዓመት የሚሰጡት አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስና ካልኩለስ ለሁሉም መስኮች ይጠቅማሉ።

ከማመልከት በፊት የሚደረግ ማጣሪያ

መግለጫ ወረቀቶች ሁሉ ያማረ ነገር ያወራሉ። ከእነሱ ይልቅ የሚታመነው ያለፉት ዓመታት ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም በዲጂታል ማከማቻው ይገኛል። ሦስት አራቱን አውጥቶ የአሠራር ስልት የሚለውን ምዕራፍ ብቻ ማንበብ ይበቃል። የናሙና አወሳሰድ፣ የዲኤንኤ አወጣጥ፣ የጄል ምስልና የራሳቸው መረጃ ካለበት ተማሪዎቹ ሠርተዋል ማለት ነው። ሁሉም የሌሎችን ጥናት የሚገመግሙ ከሆኑ ወይም ናሙናው ወደ ሌላ ተቋም ተልኮ የመጣው ውጤት ብቻ ከተዘገበ፣ የፕሮግራሙ ስም ምንም ቢሆን ቤተ ሙከራው ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አልተከፈተም።

ቀጥሎ የአሁኑን ሴሚስተር የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ማየትና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ማነጋገር ነው። «ባለፈው ሴሚስተር ራስህ የሠራኸው ሙከራ የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ወዲያው የሚዘረዝርም አለ፣ ስለ ኮርሱ ርእስ ብቻ የሚያወራም አለ።

በመጨረሻም መስክ የመቀየር ደንቡን ከሬጅስትራር ማጣራት ይገባል። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዝውውር የሚፈቀደው በተወሰነ ጊዜ፣ ክፍት ቦታ ሲኖርና ውጤቱ ለደረሰ ተማሪ ብቻ ነው፤ ወደ ባዮኬሚስትሪም ሆነ ወደ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ለመዛወር በቅድሚያ የሚታየውም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት የኬሚስትሪ ውጤት ነው።